ወንበሩ ያልተቀበላት ሴት

ወንበሩ ሰዓዳ ይመርን ለሦስተኛ ጊዜ የመለሳት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ገና አፏን እንኳ አልከፈተችም ነበር። ጀርባዋን አስደግፋ፣ እጆቿን ሰባት ወር ባለፈው ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጠብቅ ከራስጌዋ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ዛሬም ዝግጁ አይደሉም። ሲረጋጉ ይመለሱ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ወንበሩ ቀስ አድርጎ አቀናት። በሩ ተከፈተ። የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው፣ ፍርሃት የሚለካው አምባር ቀይ ይበራል። በኮሪደሩ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ክፋት አልነበረም። ቀይ የበራበትን ሰው ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው፤ ልብሱ የወለቀበትን ሰው እንደማየት ይቆጠራል።

ደሴ ውስጥ በሰው እጅ ጥርስ መታከም ከቀረ አንድ ትውልድ አልፎታል። ወንበሮቹ አይደክሙም፣ አይሳሳቱም፣ ሻይ ለመጠጣት ብለው አይወጡም። አንድ ነገር ግን አያደርጉም፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይነኩም። በሽተኛ ድንገት ቢወራጭ አደጋ ነው ተባለና የፍርሃት መስመር ተሠመረ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ላላ ያለ ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበቀ መጣ። በዚህ የተቸገሩት ፈሪዎቹ ብቻ ናቸው። ፈሪ ደግሞ አቤት ሲል አምባሩ ይቀላል፤ አምባሩ የቀላ ሰው አቤቱታ የሚቀበል መስኮት የለም።

መስመሩን ማለፍ ያቃተው ሰው አንዲት ኪኒን ይውጣል፣ ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል፣ ነገሩም ያልቃል። ለነፍሰ ጡር ግን ኪኒኗ አትፈቀድም። ለነፍሰ ጡር የተፈቀደው የመረጋጊያ ክፍል ነው። ሰዓዳ እዚያ ተመላልሳለች። ግድግዳው ላይ ነፋስ የሚያወዛውዘው የገብስ ማሳ ይታያል፤ ከጣሪያው የፏፏቴ ድምፅ ይወርዳል፤ አንድ የወንድ ድምፅም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል።

«ፍርሃትዎ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«አላውቅም።»

«ጊዜ ይውሰዱ። በልጅነትዎ የደረሰብዎ ነገር አለ?»

ምንም አልደረሰባትም። ማንም ጥርሷን በክፉ ነክቶት አያውቅም። እናቷም አባቷም ወደ ወንበሩ ሄደው እየሳቁ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን የዚያን ክፍል ሽታ ገና ከደረጃው ሥር ስትሰማ አምባሯ ይቀላል። አንድ ቀን ሰልችቷት «ልጅ ሳለሁ ውሻ ነክሶኝ ነው» አለችው። ድምፁ ደስ ያለው መሰለ፤ ያን ሙሉ ቀጠሮ ስለ ውሻ ሲያጽናናት ዋለ።

ረቡዕ ዕለት ከዚያ ወጥታ ወደ ቤቷ በገመድ መኪናው ተሳፈረች። ቀይ የሆነ ሰው በመጨረሻው ሳጥን ይሄዳል። የሚያስገድድ የለም፤ ልማድ ነው። በዚያ ሳጥን ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ ከዘራቸውን ታቅፈው ያለቅሳሉ። ሰላም ተባባሉ። ከሥራቸው የሰኞ ገበያ ጣሪያዎች፣ ፊት ለፊት የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ሰዓዳ ያበጠ ጉንጯን ቀዝቃዛው መስታወት ላይ አስደገፈች።

አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ጥርሷ ከታመመ ወዲህ ግን አምባሯ ስለሚቀላ የትምህርት ቤቱ በር አያስገባትም፤ ልጆቹን እንዳታስደነግጥ ነው። ከአጥሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በስክሪን ታስተምራለች። ልጆቹ በመስኮት ያዩዋታል፤ እጃቸውን ግን አያወዛውዙም። የመረጋጋት ትምህርት የሚጀምሩት ከመዋዕለ ሕፃናት ነው።

ባሏ አበጋዝ የገመድ መኪናውን ገመድ የሚጠግን ሰው ነው። ገደል ላይ ተንጠልጥሎ እየሠራ አምባሩ ቢጫ እንኳ ሆኖ አያውቅም። ሰዓዳን ይወዳታል፤ ነገሩ ግን አይገባውም።

«መለሰሽ?» አላት ገና በሩን ስትከፍት።

«መለሰኝ።»

«አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ሌላ ነገር አታስቢም?»

«አሰብኩ። ይህን ልጅ አሰብኩ። ባሰብኩት ቁጥር የባሰ ፈራሁ።»

አበጋዝ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ አምጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ጀመራት።

በማግስቱ አዋላጇ ዘንድ ሄደች። አዋላጇ ጠና ያለች፣ ቀጥ ያለ አነጋገር ያላት ሴት ነች፤ የሰዓዳ የመጀመሪያ ልጅ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ሲጠፋ እጇን ይዛ የነበረች እሷ ነች። የጽንሱን የልብ ምት አዳመጠች፣ የሰዓዳን ጉንጭ ዳሰሰች፣ ከንፈሯንም ነከሰች።

«የሰጠሁሽን መድኃኒት ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ። እብጠቱ ጎድሎ ነበር። ተመልሶ መጣ።»

«ሥሩ እስካለ ይመለሳል። ስሚኝ ሰዓዳ፣ አላስፈራራሽም ብዬ አልዋሽሽም። መግሉ ወደ ደም ከገባ ለአንቺም ለጽንሱም አይበጅም። ይህ ጥርስ መውጣት አለበት።»

«ወንበሩ አልቀበልም አለኝ እኮ! ‹ፍርሃትሽን አስወጪና ነይ› ነው የሚለኝ። እንግዲህ ፍርሃቴ አልወጣም። ፍርሃቴ ካልወጣ ጥርሴ ይውጣ! እየፈራሁ ይንቀሉልኝ። ማነው እየፈሩ ጥርስ አይነቀልም ያለው?»

አዋላጇ በመጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የጥርስ ሕክምና ኮሌጁ ውስጥ አንድ ክፍል አለ። ከአሮጌው ሕንፃ ጀርባ። ዶክተር ላቀው የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ጥርስ በሰው እጅ ማከም የሚያስተምሩ። ማስተማሪያ ስለሆነ ወንበሩ አይናገርም፤ መስመርም የለውም። ይቀበሉሽ እንደሆነ አላውቅም። ሂጂና ጠይቂያቸው።»

ሰዓዳ ከዚያው ሳትቀመጥ ሄደች።

ዶክተር ላቀው ሰባውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። በሩን ሲከፍቱላት መጀመሪያ ያዩት ጉንጯን እንጂ አንጓዋን አልነበረም።

«አምባርሽን እዚህ አውልቂ» አሉና በር ላይ ያለ የሸክላ ሳህን አሳዩዋት። «እዚህ ክፍል ውስጥ ከሰው ፊት በቀር ሌላ ነገር አናነብም።»

አወለቀችው። አንጓዋ ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ ክብ ቀረ። ሽማግሌው በአንዲት ዘንግ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ መስታወት አፏን አዩ። ሰዓዳ እንዲህ ያለ ዕቃ አይታ አታውቅም። ተንቀጠቀጠች። እሳቸው መስታወቷን አውጥተው ጠበቁ፤ መንቀጥቀጧ ሲበርድ መልሰው አስገቡ።

«የታችኛው መንጋጋ ነው። ሁለት ሥር አለው። ዛሬ መውጣት አለበት» አሉ። ከዚያ እጆቻቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ዘረጉላት። ጣቶቻቸው እንደ ቅጠል ይርገበገባሉ። «እኔ ግን አልነቅልልሽም። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ እርጅና ነው። ተማሪዎች ነበሩኝ።»

«ነበሩኝ?»

«አሻንጉሊት አፍ ላይ ሲሠሩ አንደኛ ናቸው። ‹የሕያው ሰው ጥርስ ትነቅላላችሁ› ስላቸው አምባራቸው ይቀላል። በልምምድ ላይ ደጋግሞ የቀላ ተማሪን ኮሌጁ ወደ ወንበር ጠባቂነት ያዛውረዋል። አንድ በአንድ ሄዱ። አንዲት ቀርታለች።»

የቀረችው ሶስና ትባላለች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ስትናገር ቃሏን የምትቆጥር። ዶክተሩ ጠርተዋት ስትገባ የሰዓዳን ሆድ አየችና ባለችበት ቆመች።

«ዶክተር፣ እኔ አልችልም።»

«ማንም ችሎ አልጀመረም፣ ልጄ። እጅሽን ታጠቢ።»

ታጠበች። ሰዓዳ ወንበሩ ላይ ወጣች። ቆዳው የተሰነጠቀ፣ በእግር እየተረገጠ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ድምፅ የሌለው ወንበር ነው። ሶስና አንድ ብርድ ልብስ አጠፈችና ሰዓዳን በቀኝ ጎኗ በኩል ደገፈቻት። «ሆድዎ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫን ነው» አለች። እስከዚህ ድረስ ድምጿ የተረጋጋ ነበር። ማደንዘዣውን መርፌ ስታነሳ ግን ጫፉ አየር ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰዓዳ አየችው። ሶስናም ሰዓዳ ማየቷን አየች። መርፌውን መልሳ አስቀመጠችና ሮጣ ወጣች።

ዶክተር ላቀው ሊከተሏት ሲነሱ ሰዓዳ እጇን አነሳች።

«ይቀመጡ፤ እኔ እሄዳለሁ።»

ሶስናን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታቅፋ አገኘቻት። ሰዓዳ ሆዷን ደግፋ፣ እያቃሰተች፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለች ሶስና ቀና ሳትል። «ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ሌላ ማን አለ?»

ሶስና ጉልበቷን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈች።

«ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?»

«እጄ ከተንቀጠቀጠ እጎዳዎታለሁ። ሲጮሁ ሰምቼ ከዚያ በኋላ... ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አሻንጉሊቱ አይጮህም።»

«እኔ ግን ልጮህ እችላለሁ» አለች ሰዓዳ። «አልዋሽሽም። ስሚ፣ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አለችኝ። ሰሌዳ ፊት ስትቆም እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ አስተማሪዎች ያስቀምጧታል። እኔ አላስቀምጣትም። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ታካፍላለች። እግሯ ይንቀጠቀጣል እንጂ መልሷ አይንቀጠቀጥም።»

ሶስና መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጠረገች።

«እርስዎ አይፈሩም?»

«እኔ? አሁን ከዚህ ደረጃ ተነስቼ በሩጫ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ብደርስ ደስ ይለኛል። ሆዴ ግን አያስሮጠኝም። ልጄም እኔ እስክጀግን ድረስ አይጠብቀኝም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ አጥቻለሁ፤ ያኔ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አሁን የማደርገው አለኝ። አፌን መክፈት ነው። የቀረው ያንቺ ነው።»

ከታች አዳራሽ ውስጥ የአዲሶቹን ወንበሮች አጠባበቅ የሚማሩ ተማሪዎች ድምፅ ይሰማል።

«እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ» አለች በመጨረሻ ሶስና። «ወዲያው። ምንም ብሠራ አቆማለሁ። ሲያወርዱ እቀጥላለሁ።»

«እሺ። አንቺስ ብትፈሪ?»

ይህን ያልጠበቀችው ሶስና ቀና ብላ አየቻት።

«ንገሪኝ። እኔም እጠብቅሻለሁ» አለቻት ሰዓዳ። «አብሽሪ። በይ አንሺኝ፤ ብቻዬን መነሳት አልችልም።»

ተመልሰው ገቡ። መርፌው ሲገባ ሰዓዳ እጇን አነሳች፤ መርፌው ባለበት ቆመ። የሶስናን ፊት አየች፤ ላብ ግንባሯ ላይ ወጥቷል፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሰዓዳ እጇን አወረደች። ቀስ በቀስ ከንፈሯ፣ ምላሷ፣ አገጯ የሌላ ሰው ሆኑባት።

ሶስና ጉጠቱን ያዘች። ዶክተር ላቀው ከኋላዋ ቆመው ሳይነኩ ይናገራሉ።

«አትጎትቺ። መንጋጋ በጉልበት አይወጣም። ግፊ፣ ያዢ፣ ጠብቂ። አጥንቱ እስኪለቅልሽ ጠብቂው።»

ሕመም አልነበረም። ግፊቱና ድምፁ ግን ነበር፤ እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ የሚል፣ ከጆሮዋ ሳይሆን ከራስ ቅሏ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ። እጇን አነሳች፤ ቆመ። አወረደች፤ ቀጠለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሶስና ራሷ «ቆይ፣ ቆዩኝ» አለችና ጉጠቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰች። ሰዓዳ ደም ያለበት አፏን ከፍታ፣ ጣሪያውን እያየች ጠበቀቻት። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ከተማ ውስጥ ከብዙ ዓመት ወዲህ አልተደረገም፤ አንዲት በሽተኛ ሐኪሟን ስትጠብቅ።

ከዚያ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ። ሶስና ፊቷ አመድ መሰለ። ሰዓዳ እጇን ወደ ላይ ወረወረች።

ሶስና ጉጠቱ ላይ የቀረውን አየች፤ ወደ ሰዓዳም ጎንበስ አለች።

«ተሰብሯል» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልደበቀችም። «ከላይ ያለውና አንዱ ሥር ወጥቷል። አንዱ ሥር ቀርቷል። ይህ ያጋጥማል፤ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ተምሬያለሁ። ድዱን ትንሽ መክፈት አለብኝ። አሁን ካቆምን መግሉ ይቀራል። የእርስዎ ፈቃድ ነው።»

ሰዓዳ እጇ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረች። ወንበሩ በእነዚያ ሁሉ ቀጠሮዎች አንድም ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነግሯት አያውቅም። ሊረጋጉ የሚገባቸው ሰዎች ብዙ ባይሰሙ ይሻላል ይባላል። ይህች ልጅ ግን ክፉውን ነገር ዓይኗን እያየች ነገረቻት። ሰዓዳ ሙሉ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የወንበሩ ብረት እንኳ ይንቃጨላል። መውረድ ትችላለች። ማንም አይይዛትም። ልጇ በጎኗ በኩል አንዴ ዞረ። እጇ ከብዷት ሳይሆን፣ ደክሟት ሳይሆን፣ ራሷ አወረደችው።

ሶስና ቀጠለች። ከመስኮቱ የገባው የከሰዓት ብርሃን ከወለሉ ወደ ግድግዳው ሲወጣ ሥሩ ወጣ፤ ትንሽ፣ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ መግል የተንጠለጠለበት። ሶስና ፋሻ አስነከሰቻት፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ወንበሩን ተደግፋ አለቀሰች። ሰዓዳም አለቀሰች። «ተረጋጉ» የሚላቸው አልነበረም። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ በሚርገበገብ እጃቸው መሰብሰብ ጀመሩ፤ አንዷን መስታወት ሲጥሏት ተሰበረች፤ ሦስቱም ሳቁ። ሰዓዳ ፋሻዋን እንደነከሰች ነው የሳቀችው።

ኮሌጁ ነገሩን ሰማ። «ያልተረጋጋች ተማሪ ያልተረጋጋች ነፍሰ ጡር ላይ እንድትሠራ ማን ፈቀደ?» ተብለው ዶክተር ላቀው ተጠሩ። «ነፍሰ ጡሯ» ብለው መለሱ። ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። በዚያው ሳምንት ሰዓዳን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ አዋላጇ የጽንሱን ልብ አዳምጣ «ይህ ፈረስ ነው እንጂ ልጅ አይደለም» አለቻት። አበጋዝ ሥራው ላይ ሆኖ ይህን በስልክ ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አምባሩ ቢጫ እንደሆነ ባልደረቦቹ ይናገራሉ።

ቁስሏን ለማሳየት ስትመለስ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ተማሪ አገኘች። ሚኪያስ ይባላል፤ ወደ ወንበር ጠባቂነት ተዛውሮ የነበረ ነው። ስለ ሰዓዳ ሰምቶ፣ ዶክተሩን ለምኖ ተመልሷል። ሶስና የሰዓዳን ድድ በጥንቃቄ አየችና «ድኗል፤ በጣም ጥሩ ድኗል» አለች። ከዚያ ግን መስታወቷን ሳታስቀምጥ ቀረች።

«ምነው?» አለቻት ሰዓዳ።

«እትዬ ሰዓዳ... አንድ ነገር ላስቸግርዎ?» ሶስና ጉንጯን በጣቷ ነካች። «እኔም የታመመ ጥርስ አለኝ። ከቆየ። የጥርስ ተማሪ ሆኜ ወንበሩ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። እየሄድኩ ሁልጊዜ ከበሩ እመለሳለሁ። ሚኪያስ ልሙላልሽ ብሎኛል። እርስዎ ካሉ... እሞክራለሁ።»

ሰዓዳ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከግድግዳው ሥር አንድ በርጩማ ጎትታ በወንበሩ ራስጌ አደረገችው፤ ሆዷን አስተካክላ ተቀመጠች። ሶስና መነጽሯን አውልቃ ሰጠቻትና ወንበሩ ላይ ወጣች። ያለ መነጽሩ የልጅ ፊት ነበራት። ሚኪያስ እጁን ታጥቦ መጣ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ያማል?» አለች ሶስና ጣሪያውን እያየች።

ሰዓዳ የሚያጽናና ውሸት ፈልጋ ነበር። ተወችው።

«ትንሽ ያማል» አለች። «የሚከፋው ድምፁ ነው። ግን ያልቃል። እኔ የትም አልሄድም።»

ሶስና አፏን ከፈተች።